ቆላ ውስጥ ውርጭ የለም

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ አንድ ጋቢ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ንግግር ሸለመኝ። ንግግሩን ያደረገው ወጣት ኃላፊ የአባቴን ስም ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጠራው፤ ለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ «በአገልግሎት ዘመናቸው አንድም የሪፖርት ጉድለት ያልታየባቸው እናታችን» ብሎ አዳራሹን ማስጨብጨቡን ነው። ጋቢውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ደሜ ይፈላ ነበር። በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ የከፋው ነገር የተፈጸመው ምንም ጉድለት በሌለው ሪፖርት ላይ፣ በገዛ ፊርማዬና በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ነው። የምጽፈው ስለዚያ ሪፖርት ነው። የቀረውን የማነሣው እሱን ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው።

የተወለድኩት ጋይንት ነው። የእኛ አገር ሰው ውርጭን እንደ ክፉ ጎረቤት ያውቀዋል። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል አባቴ እንቅልፍ አልነበረውም። ማለዳ ወጥቶ የባቄላውን ቅጠል በጣቱ ይነካና ወይ «ተመስገን» ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ ያን ዓመት ቤታችን ይጎድላል። ኋላ ኮሌጅ ስገባ የአገራችንን አየር ጠባይ በአምስት ከፍለው አስተማሩን፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ውርጭ ማለት ከደጋም በላይ ያለው፣ ገብስ እንኳ የሚቸገርበት አገር ነው ተባልን። አባቴ በጣቱ የሚነካው ነገር ኮሌጅ ውስጥ የቦታ ስም ሆኖ ጠበቀኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ አልገረመኝም፤ ፈተናው ላይ አምስቱንም በተራ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ራያ ቆላ፣ ሮቢት ነው። ከአውቶብሱ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ «ከእንግዲህ ከውርጭ ተገላገልኩ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ራያ ገበሬው የልማት ሠራተኛን በስሙ አይጠራም፤ ወንዱ «ልማቱ»፣ ሴቷ «ልማቷ» ናት። እኔም ዓለምነሽ መባሌ ቀርቶ ልማቷ ሆንኩ። ከሮቢት ወደ ጎብዬ ተዛወርኩ፤ ማሽላና ጤፍ ሳስቆጥር፣ ስብሰባ ሳስጠራ ዓመታት አለፉ። ደመወዜ ለሁለት ሳምንት ይበቃ ነበር፤ የቀረውን ሁለት ሳምንት ያበላኝ ገበሬው ነው። ከዚያ የመስኖ ሥራ ሲስፋፋ ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ በምዕራብ ካለው ተራራ ሥር፣ ደረቅ ወንዝ ዳር ወዳለ ችግኝ ጣቢያ ላኩኝ። አገሩ ያው ራያ ስለሆነ አዲስ ቦታ የገባሁ አልመሰለኝም። የመጀመሪያው ስሕተቴ እሱ ነው።

ጣቢያው ላይ አያ ይማም የሚባል ሽማግሌ አገኘሁ። በመዝገብ ዘበኛ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ችግኙን የሚያፈላው፣ መደቡን የሚያበጀው፣ ዘሩን የሚመርጠው እሱ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች የእሱን ሥራ እየፈረሙ ነው የኖሩት። በመጀመሪያው ቀን እንደ አስተዳደጌ «አንቱ» አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ።

«ማንን ነው አንቱ የምትይው? እኔ አንድ ሰው ነኝ። ከኋላዬ ሌላ አለ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት።

አያ ይማም የንጋቱን ሱብሒ ሰግዶ ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ መደቦቹን በባዶ እግሩ ይዞራል። በጋ ሲሆን ደግሞ ሦስት ጣባ ነበረው፤ ጠፍጣፋ የሸክላ ጣባ። ማታ ማታ ጣት የማያሰጥም ውኃ ያደርግባቸውና አንዱን ከላይ በሩ አጠገብ፣ አንዱን መሐል፣ አንዱን ከታች ከወንዙ ዳር ያስቀምጣል። ጠዋት በትንሿ ጣቱ ውኃውን ይነካል። ብርዱ የከፋ ዕለት «የታችኛው ስልባቦት ሠርቷል» ይላል። የወተት ስልባቦት ማለቱ ነው፤ ቀጭን በረዶ ውኃው ላይ ሲረጋ። ውርጭ የሚለውን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእሱ ውኃው ስልባቦት ሠርቷል ወይም አልሠራም፣ አለቀ።

ሌላው ልማዱ ጭስ ማየት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ከፍ ካለው ቦታ ቆሞ ከየቤቱ የሚወጣውን ጭስ ይከተላል። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከወንዙ ዳር ያለው ግን ትንሽ ይነሣና ጎድጓዳው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል።

«ጭሱ ከተኛበት ብርዱም ተኝቷል» አለኝ አንድ ቀን። «ከደጋ የሚወርደው ጎርፉ ብቻ መሰለሽ? ክረምት ጎርፉ ይወርዳል፤ በጋ ብርዱ በዚያው ወንዝ ይወርዳል። መንገዱን ያውቀዋል።»

አሁን ሳስበው የትኛውም ሥልጠና ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር አልሰማሁም። አያ ይማም የብርዱን መጨረሻ የሚቆርጠው እንዲህ ነበር፦ ጣባው ለመጨረሻ ጊዜ ስልባቦት ከሠራበት ጠዋት ጀምሮ ሰባት ጠዋት ይቆጥራል። በሰባቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከሠራ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሰባቱ በሰላም ካለፉ፣ ከሰዓት በኋላም ከአፋር በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ መምጣት ከጀመረ፣ የወንዝ ዳሩም ጭስ ቀና ካለ ያን ጊዜ «ትከሉ» ይላል። ለላይኛው መሬት ይህ ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ለወንዝ ዳሩ ግን ጥምቀት ሳያልፍ አይታመንም ነበር፤ በአንዳንድ ዓመት እስከ አስተርእዮ ማርያም ይሻገራል። «ለአገር ሙሉ የሚሆን አንድ ቀን የለም፤ ለየማሳው የየራሱ ቀን አለው» ይለኝ ነበር። ደግሞም፦ «አዲስ መሬት የገባ ሰው አንድ በጋ ዝም ብሎ ይይ። ሳይከርሙበት አይታዘዝም።»

እኔ ሳቅሁ። ጣባህን ዶሮ ትጠጣበት አልኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ነውና ተረቱ፣ እኔም የሠለጠንኩበትን ዓመት ቆጥሬ፣ የዘበኛ ጣባ ምን ሊያስተምረኝ ብዬ ተውኩት።

በዚያ በጋ ከላይ የመትከያ ሰሌዳ መጣልን። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በቆላ ቀበሌዎች ሁሉ እስከ ኅዳር መጨረሻ ተተክሎ እንዲያልቅ ይላል። ላይኛው ማሳ፣ ታችኛው ማሳ፣ ወንዝ ዳር፣ ተራራ ሥር የሚል የለበትም። ቆላ፣ ኅዳር፣ አለቀ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ሁሉም ማሳ አረንጓዴ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ታዘዝን።

ከሁሉም የተሻለ ችግኝ ያፈላችው ሐሊማ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው ከወንዙ ዳር፣ ከጎድጓዳው ውስጥ ባለች አንዲት ማሳ ነው። መሬቷ ጥሩ ነው፤ ያለ ውኃ ግን ምንም አይደለም። ውኃው የጉድጓድ ውኃ ነው፤ በተራ ነው የሚደርሰው፤ ተራውን የሚያዝዘው ገበሬው የመረጠው የውኃ አባት ነው። ሐሊማ በየስምንት ቀኑ ግማሽ ቀን ተራ ነበራት። ያቺ ግማሽ ቀን የቤቷ ምሰሶ ነበረች።

ሰሌዳውን ይዤ ሄድኩባት።

«ልማቷ፣ አያ ይማም ጥምቀት ሳያልፍ እንዳትተክይ ብሎኛል» አለችኝ።

«አያ ይማም ዘበኛ ነው።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

«ብርዱስ?»

«ሐሊማ፣ እኔ የውርጭ አገር ልጅ ነኝ። እዚህ ውርጭ ቢኖር ካንቺ በፊት እኔ አውቀው ነበር። ቆላ ነው፤ ትከይ!»

ትንሽ አየችኝ። «አንቺ ካልሽ እሺ፤ ኢንሻአላህ» ብላ ተከለች። የመንግሥት ሰው አዝዟት እምቢ የምትልበት ጉልበት ከየት ታምጣ?

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ አያ ይማም መጣ። «ዛሬ ሰማዩ ራቁቱን ነው፤ ነፋሱም ቆሟል። ያቺ ሴት ማሳዋን ታጠጣ። እርጥብ መሬት የቀኑን ሙቀት ይይዛል። አገዳም ታልብሰው» አለኝ። ለሐሊማ ቀድሞ ነግሯት ኖሯል። የእሷ ተራ ስላልነበር ጎረቤቷን ለምና ውኃ ተበድራ አጠጣች፤ ያላትን የማሽላ አገዳ ሁሉ አውጥታ ችግኙን አለበሰች። አገዳው የማሳውን ሲሶ እንኳ አልሸፈነም። እኔ በዓል ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት አያ ይማም ከበሩ ቆሞ ጠራኝ። ወደ ታችኛው ጣባ ወሰደኝ። ጎንበስ ብሎ ከውኃው ላይ ቀጭን መስታወት የመሰለ ነገር በሁለት ጣቱ አነሣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ያውልሽ» አለ።

የአባቴ አገር ውርጭ ነው። ከጋይንት ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። መዳፌ ላይ ቀለጠና በጣቶቼ መሐል ወረደ።

የሐሊማ ቲማቲም የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስል ነበር፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ግንዱ ተኝቷል። የተረፈው አገዳ የለበሰው ብቻ ነው። ሐሊማ ከማሳው ጥግ ቁጢጥ ብላ ነበር። አላለቀሰችም።

«ልማቷ፣ ቆላ ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለች። «ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?»

ጎንበስ ብዬ የጠቆረውን ቅጠል እንደ አባቴ በጣቴ ነካሁ።

በማግሥቱ አለቃዬ ሊያይ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ኋላ አድጎ ሌላ ቦታ ሄዷል። ማሳው ውስጥ ገብቶ በጫማው አፈሩን ጫር አደረገና «መሬቱ እርጥብ ነው። ውኃ አብዝታበት ነው» አለ። ችግኙን ለማዳን ያጠጣችው ውኃ፣ ለምና የተበደረችው ውኃ፣ የጥፋቷ ማስረጃ ሆነ። እስከ ዛሬ ይህን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቢሮ ገብቼ ሪፖርቱን ሞላሁ። አነበበው።

«ቀጠና የሚለው ላይ ምን ብለሻል?»

«ቆላ።»

«የጉዳቱ ምክንያት የሚለው ላይ?»

«ውርጭ።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳቀ። «ቆላ ውስጥ ውርጭ የለም። ውርጭ ያለው ውርጭ ውስጥ ነው። ኮሌጅ አልተማርሽም? ወይ ቀጠናውን ቀይሪ፣ ወይ ምክንያቱን ቀይሪ።»

«በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ።»

«የያዝሽውን አምጪዋ!» አለና ደግሞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ስሚ ዓለምነሽ። ሰሌዳው የመጣው ከላይ ነው። ውርጭ ካልሽ ሰሌዳው ተሳስቷል ማለትሽ ነው። ሰሌዳው ተሳስቷል ካልሽ ደግሞ እሱን ይዞ ገበሬውን ያስተከለው ማን ነው?»

እኔ ነኝ። ያስፈራኝም እሱ ነው። አለቃዬ እጄን አልጠመዘዘም፤ አልሰደበኝም። የራሴን ጥፋት አሳየኝና መደበቂያውንም አብሮ ሰጠኝ። «ውርጭ» የሚለውን ሰርዤ በንጹሕ ቅጽ ላይ «የአያያዝ ጉድለት፤ ውኃ ማብዛት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሱ ማኅተም መታበት።

አያ ይማም ምን ብለሽ ጻፍሽ አለኝ። ነገርኩት።

«እንግዲያ የዋሸው ውኃው ነው ወይስ ሐሊማ?» አለ። መልስ አልጠበቀም፤ ጣባዎቹን ሊያጥብ ሄደ።

ያ ወረቀት አንድ መስመር መስሎኝ ነበር። የውኃው ማኅበር ግን ያን ሰዓት ያላሰብኩት ደንብ አለው፤ በአያያዝ ጉድለት ሰብል ያበላሸ ሰው የውኃ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ማኅተም ያለበት ሪፖርት ደረሳቸው፤ የሐሊማን ግማሽ ቀን ወስደው ከላይኛው ማሳ ላለ ሰው ሰጡ። ሐሊማ ዝናብ ጠባቂ ሆነች። ዝናቡ ሲቀር ማሳዋን ለእኩል አራሽ እየሰጠች፣ ጎብዬ ገበያ ለሰው ሽንኩርት እየለቀመች ልጆቿን አሳደገች። አልረገመችኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ልማቷ ማለቱን ግን ተወችው። ገበያ ላይ ሰዎች «ያቺ ውኃ አብዝታ ቲማቲሟን የገደለችው» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከመንደሩ ሁሉ ጠንቃቃዋ ገበሬ በእኔ እጅ ጽሑፍ ዝርክርክ ተባለች፤ እንዲህ ስምንት ዓመት ኖረች።

አያ ይማም ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ሦስቱን ጣባ ለእኔ እንዲሰጡኝ ተናዞ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ማንንም ገበሬ በሰሌዳ አላስተከልኩም፤ ለላይ አንድ ነገር እየጻፍኩ ከታች ሌላ ሠራሁ። ይኼንንም እንደ ጀግንነት አላወራውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ያንን ሪፖርት ፈለግሁት። በሰሜኑ ጦርነት የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ግማሹ ተቀዷል፣ ግማሹ ተቃጥሏል። የዘር ስርጭቱ መዝገብ የለም፤ የእኔ የዓመት ፈቃድ ማኅደር የለም። ያቺ ወረቀት ግን ከነማኅተሟ ደህና ተቀምጣ አገኘኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለወጣቱ ኃላፊ አሳየሁትና ላርመው እፈልጋለሁ አልኩት። ደግ ልጅ ነው፤ ታብሌቱን አወጣ። «አሁን ሁሉም እዚህ ነው የሚሞላው» ብሎ «ቆላ» የሚለውን ነካ። የጉዳት ምክንያቶች ተዘረዘሩ፦ ድርቅ፣ ጎርፍ፣ አንበጣ፣ ተምች፣ የአያያዝ ጉድለት። ውርጭ የለም። «ደጋ» የሚለውን ሲነካ ውርጭ መጣ። እንደገና «ቆላ» አለ፤ ውርጭ ጠፋ።

«ሲስተሙ አይቀበለውም እናቴ» አለኝ። «ቆላ ውስጥ ውርጭ የለማ።»

ጮህኩበት። ልጁ ምን አጠፋ? ግን ጮህኩበት። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ በእጄ ጻፍኩ፦ «በሐሊማ ማሳ ላይ የደረሰው ጉዳት የውርጭ ጉዳት ነው። ያለ ጊዜው ያስተከልኳት እኔ ነኝ። ማሳው እርጥብ የሆነው ችግኙን ለማዳን ስላጠጣችው ነው። የአያያዝ ጉድለት የእሷ አይደለም።» ፈረምኩበት። ማኅተም ምታልኝ አልኩት። የተዘጋ ጉዳይ ላይ አልመታም አለ፤ ሥልጣኑም የለኝም አለ። ጋቢውን የሸለሙኝ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሐሊማ ቤት ሄድኩ። ማንበብ አትችልም፤ ነገርኳት።

«ውኃዬን ይመልሳል?» አለች።

«አላውቅም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያ ለእኔ አታንብቢ፤ እኔ የሆነውን አውቃለሁ። ማኅበሩ ዓርብ ይሰበሰባል። እዚያ አንብቢው» አለችኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ተቀመጠች። ቆሜ አነበብኩት። ጨርሼ ቀና ስል ማንም አልተገረመም። የውኃ አባቱ አገጩን በዱላው ላይ አሳርፎ ይመለከተኛል።

«ይኼንንማ እናውቅ ነበር» አለ።

«ካወቃችሁ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ትላላችሁ?» አልኩት።

«አብሽሪ ልጄ፣ አትቆጪ። ያን ጠዋት የእኔም ውኃ ስልባቦት ሠርቶ ነበር፤ የሁሉም ሠርቶ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ቀለጠ። ያንቺ ወረቀት ግን አልቀለጠም። ማኅተም ነበረበት። እኛ የቀለጠ ነገር ይዘን ማኅተም እንሟገት?» ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ይኼኛውስ ማኅተም አለው?»

«የለውም» አልኩ።

ወረቀቱን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «እንግዲያ ለውኃው አይሆንም» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ደንቡን ሲጽፉ ደግሞ ያማከርኳቸው እኔ ነኝ።

ሐሊማ ዞር አለች። በገበያ ላይ ስሟን የሚያነሡት ሰዎች ከኋላ፣ ከጉድጓዱ ግንብ ሥር ተቀምጠው ነበር። አየቻቸውና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ውኃውን ተዉት» አለች። «ልማቷ፣ ድገሚው። እነዚያ አልሰሙም።»

ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት።